የኮሌጅ መግቢያ የእንግሊዝኛ ፈተና፦ አንብቤ ስጨርስ ምንም አይቀረኝም፣ እንዴት ልለማመድ?

ጠያቂ፦ የደሴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ከመጣሁ 3 ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ነርሲንግ ለመማር ኮሌጅ ተመዝግቤ አኩፕሌሰር የሚባለውን የምደባ ፈተና ወሰድኩ። ሒሳቡን አለፍኩ፣ ንባቡ ጣለኝ። አሁን ክሬዲት የሌላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርሶች ውሰጂ ተባልኩ። አንድ ዓመት ወደኋላ መቅረት ማለት ነው። ገንዘቡም ከኪሴ ነው። ከ5 ሳምንት በኋላ ግን ድጋሚ መፈተን ትችያለሽ ብለውኛል።

ችግሬን በግልጽ ልንገራችሁ። ቃላት ያን ያህል አይቸግሩኝም። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ስጨርስ በእንግሊዝኛ ጥሩ ነበርኩ። ግን አንድ አንቀጽ አንብቤ ስጨርስ «ምን ይላል?» ብባል መናገር አልችልም። እያንዳንዱን ቃል በሆዴ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቶብኛል። ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱን ቶሎ እሰርዛለሁ፣ ከቀሩት ሁለቱ ግን ሁሌም የተሳሳተውን እመርጣለሁ። ሰዓት እንዳያልቅብኝ ስሮጥ 20ውን ጥያቄ በ25 ደቂቃ ጨረስኩት። የሄድኩትም ከሥራ ወጥቼ ሳልተኛ ነበር።

ያለፋችሁ ሰዎች እንዴት እንደተለማመዳችሁ ንገሩኝ። እባካችሁ «ብዙ አንብቢ» ብቻ አትበሉኝ። ምኑን ላንብብ? እንዴት? በቀን ምን ያህል?

አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂ። እኔም ይህን ሳላውቅ አንዴ ወድቄበታለሁ። የአኩፕሌሰር ንባብ የሰዓት ገደብ የለውም። 20 ጥያቄ ነው፣ ማንም ተነሺ አይልሽም። በመጀመሪያው ሙከራዬ እንዳንቺ ሮጥኩ። በሁለተኛው ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው እሱ ነው።

ሌላው፣ ኮምፒውተሩ በመልስሽ ልክ ነው ጥያቄ የሚያመጣልሽ። በትክክል ስትመልሺ ቀጣዩ ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄው እየከበደ ሲመጣ «አለቀልኝ» ብለሽ አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። ግን ዘሎ ማለፍም፣ ወደኋላ ተመልሶ ማረምም አይቻልም። ወደሚቀጥለው ከማለፍሽ በፊት እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺና ጥያቄውን አንዴ ድገሚው።

ውጤቱ ከ200 እስከ 300 ነው። ማለፊያውን እያንዳንዱ ኮሌጅ ለራሱ ይወስናል። አማካሪሽን ስንት እንደጎደለሽ ጠይቂ። 3 ነጥብ ከጎደለሽና 30 ነጥብ ከጎደለሽ ዝግጅቱ አንድ አይደለም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ናሙና ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በነፃ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ከሱ ጀምሪ። ረዘም ያለ የልብ ወለድ ቅንጫቢ አለ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎችን ማነጻጸር አለ፣ አጫጭር አንቀጾች አሉ፣ ባዶ ቦታ ላይ ቃል መሙላትም አለ።

ካሌብ

እኔ በቀን 30 ቃል እየሸመደድኩ ነው ያለፍኩት። ካርድ ሠርተሽ አውቶቡስ ላይ አጥኚ። ቃል ከሌለ ንባብ የለም።

ጋሽ መምህር

ልጄ፣ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ያንቺን ችግር በየዓመቱ አየው ነበር። ካሌብ ያለው አይጎዳም፣ ግን እንደነገርሽን ከሆነ አንቺን የጣለሽ የቃል እጥረት አይደለም።

እኔ ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜያለሁ። 150ውን መዝሙር ሳልደናቀፍ እወጣው ነበር። ምን ይላል ብትዪኝ ግን ግዕዙን አላውቅም። ትርጓሜ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነው። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን የተማርነው እንደዚያ ነው፣ ንባቡ አለ፣ ትርጓሜው ገና ነው። የሰነፍ ምልክት አይደለም፣ ያልተማርሽው ክፍል ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው የቋንቋው አሠራር ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ትናንት ከገበያ ስመለስ ያገኘኋት የጎረቤታችን ልጅ…» ብዬ ብጀምር፣ ልጅቱ ምን እንደሆነች ለማወቅ እስከ አራት ነጥቡ ትጠብቂያለሽ። ጆሯችን መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛ ግን ማን ምን እንዳደረገ ብዙውን ጊዜ ከፊት ይነግርሽና ዝርዝሩን ከኋላ ያስከትላል። አንቺ ቃል በቃል ስትመልሺ ግሱን አንጠልጥለሽ ዝርዝሩን ሁሉ መሸከም ግድ ይሆንብሻል። እጅሽ ይሞላል፣ መጀመሪያ የያዝሽው ይወድቃል።

ስለዚህ እርሳስ ያዢ። በየዓረፍተ ነገሩ ባለቤቱን በአንድ መስመር፣ ግሱን በሁለት መስመር አስምሪ። ሌላውን ለጊዜው ተዪው። አንቀጹ ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጪና ያነበብሽውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአማርኛ ጻፊው። አማርኛ የሚጎዳሽ ቃል በቃል ስትመልሺበት ነው፣ ሐሳቡን ስታጠቃልዪበት ግን ይረዳሻል። አንድ ዓረፍተ ነገር ካቃተሽ አንቀጹ አልገባሽም፣ ተመለሺ። በቀን ሁለት አንቀጽ ይበቃል። ሃያ አንቀጽ ሮጦ ማንበብ ያው የለመድሽውን መድገም ነው።

«ሃውኤቨር»፣ «ባት»፣ «ኦልዞው» የሚሉትን ስታዪ ቁሚ። ጸሐፊው መንገድ የቀየረው እዚያ ነው።

የደሴ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ዳዊቱ ያሉት ልቤን ነካው፣ እስከ ዛሬ ደደብ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አምስት ቀን እንዳሉኝ አደረግኩ። ማጠቃለሉ ይሻላል፣ ምርጫው ላይ ግን አሁንም እወድቃለሁ። የትናንቱን ልንገርዎት።

ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መለማመጃ ውስጥ ስለ ቡና የተጻፈ አጭር ጽሑፍ አለ። መጀመሪያ ላይ ቡና ከኢትዮጵያ ተነስቶ ዓለምን እንዳዳረሰ ይናገራል። ከዚያ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና ለብዙ ዓይነት ወፎች መጠለያ እንደሚሆን፣ ዛፎቹ ተቆርጠው ቡናው ፀሐይ ላይ ሲተከል ግን ወፎቹ እንደሚቀንሱ ያብራራል። «የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የቱ ነው?» ይላል።

ሀ) የቡና መነሻ ኢትዮጵያ ናት።
ለ) ቡና የሚበቅልበት መንገድ የወፎችን ብዛት ይለውጣል።
ሐ) በጥላ ሥር የበቀለ ቡና የበለጠ ይጣፍጣል።
መ) ገበሬዎች ሁሉ ዛፍ መቁረጥ ማቆም አለባቸው።

ሐ እና መን ሰረዝኩ። ከዚያ ሀን መረጥኩ። እውነት ነው፣ ጽሑፉም ውስጥ አለ! መልሱ ግን ለ ነው ይላል።

ጋሽ መምህር

ጎሽ፣ እንዲህ አምጪልኝ። የተሳሳትሽበትን ጥያቄ እንዲህ ዘርዝረሽ መጻፍሽ ራሱ ከሁሉ የበለጠ ልምምድ ነው።

የተጠየቅሽው እውነቱን አይደለም፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈበትን ጉዳይ ነው። እንዲህ ሞክሪው። ኢትዮጵያን የሚያነሳውን ዓረፍተ ነገር አውጥተሽ ጣዪ። ቀሪው ጽሑፍ ይቆማል? ይቆማል። አሁን ስለ ወፎቹ የሚለውን አውጪ። ምን ቀረ? ምንም። ዋና ሐሳቡ ያ ነው።

ሀን ያስመረጠሽ አገርሽ ነው። ስለምናውቀው ነገር ስናነብ ከጽሑፉ ይልቅ ከራሳችን እንመልሳለን። ሐም እንደዚሁ ነው። ምላስሽ ያውቀው ይሆናል፣ ጽሑፉ ግን ስለ ጣዕም አልተናገረም። መ ላይ ያለውን «ሁሉ» እና «አለባቸው» ተመልከቺ። ጸሐፊው የሆነውን ነገር ነገረን እንጂ ትእዛዝ አልሰጠም። ሁለት ምርጫ ሲቀርሽ ጣትሽን ጽሑፉ ላይ አሳርፊና «ይህን የሚለው የትኛው መስመር ነው?» በዪ። ጣትሽ የሚያርፍበት ካጣ ምርጫው ይውደቅ። ጣትሽ ያረፈው አንድ መስመር ላይ ብቻ ከሆነና የተጠየቅሽው ዋና ሐሳብ ከሆነ ደግሞ ተጠራጠሪ።

ሲስተር ከቨርጂኒያ

እኔም የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ስለ ሰዓቱ ልናገር። ከሥራ ገብተሽ አታጥኚ፣ ዓይንሽ ያነባል እንጂ ጭንቅላትሽ ተኝቷል። መጀመሪያ ተኚ። ስትነሺ፣ ወጥ ሳትሠሪ፣ ስልክ ሳትከፍቺ፣ 40 ደቂቃ። እኔ ስልኬን መታጠቢያ ቤት ቆልፌበት ነበር የምቀመጠው። በሳምንት አንድ ቀን፣ እረፍትሽ ሲሆን፣ 20 ጥያቄ በአንድ ቁጭታ ሥሪ። ቀጠሮሽንም እረፍት ካደረግሽ ማግስት ያዢ።

የሚነበበውን በተመለከተ፣ ነርስ ልትሆኚ ስለሆነ ሜድላይንፕላስን እመክርሻለሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው ነፃ ድረ ገጽ ነው። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፏል። በሥራሽ የምታውቂው ነገር ስለሆነ አይከብድሽም። ጋሼ እንዳሉት ግን መልሱን ከራስሽ እንዳታመጪ ተጠንቀቂ። ልብ ወለዱንም አትርሺ፣ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ነው። «አዘነች» ብሎ አይነግርሽም። «ሻይዋን ሳትነካው በረደ» ብሎ ያልፋል፣ ከዚያ ምን እንደተሰማት ይጠይቅሻል። ከቤተ መጻሕፍት አጫጭር ልብ ወለዶች ተዋሺና በየገጹ «ሰውየው አሁን ምን ተሰማው? ከምን አወቅኩ?» ብለሽ ጠርዙ ላይ ጻፊ፣ በስቲከር ወረቀት ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ እወቂ። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች በኋላ ቲስ የሚባል ፈተና ይጠይቃሉ። የሱ ንባብ 45 ጥያቄ በ55 ደቂቃ ነው፣ እዚያ ሰዓት አለ። አሁን በእርጋታ የምታዳብሪው ችሎታ ያኔ ይጠቅምሻል። ፍጥነቱ ከመረዳት በኋላ ይመጣል።

ካሌብ

ጋሽ መምህር ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ሳነብ መረዳቱ አልቸገረኝም ነበር። ቃል ብታጠኚም ዝርዝር አትሸምድጂ። ቃሉን ካገኘሽበት ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፊው። ባዶ ቦታ በሚያስሞላው ጥያቄ ላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የደሴ ልጅ

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እሑድ 20 ጥያቄ ሠራሁ፣ 14 አገኘሁ። አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከሳትኳቸው 6 ውስጥ 4ቱ ሁለት ጽሑፍ የሚያነጻጽሩት ናቸው። አንደኛውን ሳነብ ይገባኛል፣ ሁለተኛውን ሳነብ ይቀላቀልብኛል። አማካሪዬን ጠየቅኩ፣ የጎደለኝ 9 ነጥብ ነው።

ጋሽ መምህር

9 ነጥብ ሩቅ አይደለም፣ ልጄ። አሁን የቀረሽ ጉድለት የት እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ከዚህ ወዲያ ሁሉንም አትለማመጂ።

የመጀመሪያውን አንብበሽ ሁለተኛውን ከመጀመርሽ በፊት ቁሚ። «ይህ ሰው ምን ይፈልጋል?» በዪና በአምስት ቃል ጻፊ። ከዚያ ሁለተኛውን አንብቢና ለሱም አምስት ቃል ጻፊ። ሁለት ሰዎች ፊትሽ ተቀምጠው ሲከራከሩ እንደምትሰሚ አስቢው። አንደኛው ለሌላው ቢመልስለት ምን ይለዋል? ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው የሚጠይቅሽ። በዚህ ሳምንት በቀን አንድ ጥንድ ብቻ ሥሪ። ቅዳሜ የጻፍሻቸውን አምስት አምስት ቃላት እዚህ አምጪልኝ፣ አያቸዋለሁ።