የራሳችንን ዘፈኖች በኢንተርኔት ለመሸጥ የትኛው መንገድ ያዋጣናል?

ጥያቄ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከወንድሜ ጋር የሠራናቸው ስድስት ዘፈኖች ተጠናቀዋል፤ ግጥሙና ዜማው የእኛው ሲሆን ያቀናበረልን ሌላ ባለሙያ ነው። የቀድሞው ነጠላ ዜማችን መጋላ ውስጥ በየሱቁ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሲጫን እየሰማን አንዲት ሳንቲም አላገኘንበትም። አሁን ዘፈኖቹን በነጠላ እንሽጥ ወይስ ለስትሪሚንግ (ዘፈኑ ሳይገዛ በኢንተርኔት በቀጥታ ለሚደመጥበት አገልግሎት) እንስጥ?

መልስ (ሐረር)
ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ በቃችሁ። በነጠላ መሸጥ በሰፊው የተለመደው አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 የአይቲዩንስ መደብርን ከፍቶ አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ማቅረብ ሲጀምር ነው። ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ባንድካምፕ የተባለ ድረ ገጽ ደግሞ ዋጋውን ራሳችሁ እንድትወስኑ ፈቅዶ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ስለሚወስድ፣ በ5 ዶላር ከሚሸጥ አልበም 75 ሳንቲም ለእርሱ ይሄዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ለብቻው ነው። በስትሪሚንግ ግን አድማጩ የሚከፍለው ለወሩ እንጂ ለዘፈኑ ስላልሆነ፣ ከደንበኞችና ከማስታወቂያ የተሰበሰበው ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ዘፈን በተደመጠበት መጠን ይከፋፈላል። ጥቂት መቶ ታማኝ አድማጮች ላሉት ጀማሪ ሽያጩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

መልስ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ገንዘቡ በምን በኩል እንደሚደርሳችሁ አጣሩ። ባንድካምፕ የሚከፍለው በፔይፓል (በኢንተርኔት የገንዘብ ማስተላለፊያ) ስለሆነ፣ በስማችሁ ገንዘብ መቀበል የሚችል ሒሳብ ከሌላችሁ ሽያጩ ቢደራም እጃችሁ አይገባም። እኔ ባለፈው ዓመት ዘፈኔን በቴሌብር እየተቀበልኩ ፋይሉን በቴሌግራም ለገዢው እልክ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ፋይል፣ እኔ የሰጠሁትን ስም እንኳ ሳይቀይሩለት፣ በሌላ ቡድን ውስጥ አገኘሁት። ያም ሆኖ አንዳንዶች፣ በተለይ ውጭ አገር ያሉ የድሬ ልጆች በቤተሰቦቻቸው በኩል፣ ከጠየቅሁት በላይ ልከውልኛል። ስለዚህ በቀጥታ መሸጡን አትተዉት።

ለስትሪሚንግ ደግሞ ዘፈኑን ወደ አገልግሎቶቹ የሚያደርስላችሁ አከፋፋይ ያስፈልጋችኋል። ዲስትሮኪድ በየዓመቱ ያስከፍላል፤ ሲዲ ቤቢ አንዴ አስከፍሎ ከገቢው 9 በመቶ ይወስዳል። ገቢያችሁ ገና ትንሽ ከሆነ ዓመታዊ ክፍያ ሸክም ይሆናል፤ ክፍያው ሲቋረጥም ዘፈኑ ከአገልግሎቶቹ ላይ ሊነሣ ይችላል።

መልስ (ሐረር)
አንድ ነገር ልጨምር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። አቀናባሪው ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሚደርሰው ዘፈኑን ከመጫናችሁ በፊት ተፈራረሙ፤ ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ንግግር ወዳጅነት ያበላሻል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ከአቀናባሪው ጋር በቃል ብቻ ተስማምተን ስለነበር ነገ ወረቀቱን ይዘን እንሄዳለን፤ ሁለቱን ዘፈኖች በቴሌብር ሸጠን፣ አራቱን በአከፋፋይ በኩል እንለቃለን።