መልስ፦ ከሜሪላንድ ወደ ሜልበርን ለሚመጡት ነርስ እኅታችን፣ ስለ አውስትራሊያውያን አነጋገር

እኅታችን ከልጆቻቸው ጋር ከሜሪላንድ ወደ ሜልበርን ሊመጡ መሆኑን ገልጸው፣ እንግሊዝኛው ያው እንግሊዝኛ ስለሆነ በቋንቋ በኩል ብዙም እንደማይቸገሩ ጽፈዋል። እኔም ከአሜሪካ ወደዚህ ከመጡት አንዱ እንደመሆኔ፣ በዚህ ነጥብ ላይ በትሕትና የተለየ ሐሳብ አለኝ። አሜሪካ የኖረ ሰው ጨርሶ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ግራ ይገባውና ወዲያው ይጠይቃል፤ የሚያስቸግረው የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው።

ለምሳሌ ጠዋት አንድ አዛውንት ታማሚ አልጋ አጠገብ ሲደርሱ «አይ ፊል ኤ ቢት ክሩክ» ሊሉዎት ይችላሉ። «ክሩክ» በአሜሪካ ጆሮ አጭበርባሪ ወይም ሌባ ነው፤ እኚህ ሰው ግን «ትንሽ አሞኛል» ማለታቸው ነው። «ትንሽ» ያሉትንም እንዲሁ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። በዕድሜ የገፉ አውስትራሊያውያን፣ በተለይም የገጠሮቹ፣ ሕመማቸውን አሳንሰው መናገር ስለሚቀናቸው፣ ጠጋ ብሎ የት እንደሚያማቸውና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። እናቶቻችን እየታመሙ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ እየሰማን ስላደግን፣ ይህን ጠባይ ለመረዳት እኛ አንቸገርም። «ፒስድ» የሚለውም አሜሪካ ውስጥ የተናደደ፣ እዚህ ደግሞ የሰከረ ማለት ስለሆነ፣ ድንገተኛ ክፍል ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በተረኞች ርክክብ ላይ «ኦብስ» ሲባል፣ አሜሪካ «ቫይታልስ» የምንላቸው የሙቀት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ልኬቶች ናቸው። ታማሚው «ቲያትር» ገብቷል ከተባለ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው ያለው። የሕመም ማስታገሻውን ታይለኖል በማለት ፈንታ ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል ይበሉ፤ ኤፒነፍሪንም እዚህ የሚታወቀው አድሬናሊን በሚለው ስሙ ነው። የአምቡላንስ ባለሙያዎች «አምቦ» ይባላሉ፤ ለእኛ አምቦ ከተማውና ውኃው ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ቢይዝም ቶሎ ይለመዳል።

አውስትራሊያውያን ቃሉን ይቆርጡና መጨረሻው ላይ «ኦ» ወይም «ኢ» ይጨምሩበታል። ከሰዓት በኋላው «አርቮ»፣ ነዳጅ ማደያው «ሰርቮ»፣ የመኪና ምዝገባው «ሬጎ»፣ ቁርሱ «ብሬኪ» ይሆናል። ዓለም በሙሉ የተቀበለው «ሰልፊ» እንኳ በጽሑፍ ቀድሞ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ የአውስትራሊያ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው። ይህን አካሄድ አንዴ ከያዙት ብዙውን ራስዎ ይገምቱታል።

ስለ ልጆቹ ሁለት ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ አንድን ቡድን መደገፍን ለመግለጽ የምንጠቀምበት «ሩት» የሚለው ግሥ እዚህ የብልግና ቃል ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት «ባራክ» ማለትን ያስለምዷቸው። አምስት ዓመት ለሆናት ልጅዎ ቦታ ሲፈልጉ ደግሞ፣ ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት «ኪንደር» የሚባለው ከመደበኛ ትምህርት በፊት ያለው ጊዜ መሆኑን ያስታውሱ፤ የአሜሪካው ኪንደርጋርተን አቻ «ፕሬፕ» ይባላል። ቅጽ ሲሞሉ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ከትምህርት ቤት ወይም ከጎረቤት የሚመጣ ጥሪ «ብሪንግ ኤ ፕሌት» የሚል ከሆነም፣ ተካፍለን የምንበላው ምግብ ይዛችሁ ኑ ማለት ነው። ሳምቡሳ ሠርተው ቢወስዱ ሁሉም ደስ ብሎት ይበላል፤ ለቅመማ ቅመሙም ፉትስክሬይ በተባለው የሜልበርን ሰፈር ያሉት የኢትዮጵያውያን ሱቆች አሉልዎት።

የሚመደቡበት ክፍል ቀዶ ጥገና ይሁን ድንገተኛ ወይም የአረጋውያን፣ ሲታወቅ ቢጽፉልን፣ በዚያው ዘርፍ የሚሠሩ እኅቶችና ወንድሞች የክፍሉን አሕጽሮተ ቃላት ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቢያስረዱዎት በጣም ይጠቅምዎታል።