ሲኦሲ የሌለው ፌራዮ ከሳይት ይውጣ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን እዚሁ ቡድናችን ውስጥ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ አነጋግሯል። በመሀል አዲስ አበባ ፎቅ በሚሠራባቸው ሳይቶች ላይ ፌራዮ፣ ማለትም ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ብረት (ፌሮ) የሚቆርጥ፣ የሚያጥፍና የሚያስር ሰው ሁሉ የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ ይሁን፤ የምዘናው ማረጋገጫ ካርድ (ሲኦሲ) የሌለው ሳይት አይግባ የሚል ነው። ደጋፊም ተቃዋሚም አለ። ስድብ አይፈቀድም። ከሥራችሁ የምታውቁትን ጻፉ።

ሳይት ኢንጂነር፦
እደግፋለሁ። ምክንያቴ ስታፋ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማን ሰው ሁሉ ስለ ሕንፃው ከፍታና ስለ ሲሚንቶው ነበር የሚጠይቀኝ። ስለ ስታፋ የጠየቀኝ የለም። ስታፋ ማለት ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ውስጥ ቋሚዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ብረት ነው። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ መሀል መግባት አለበት። ከታጠፈ በኋላም የብረቱን ውፍረት 10 እጥፍ መቀጠል አለበት፤ ባለ 8 (8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ከሆነ 8 ሳንቲሜትር ማለት ነው። 90 ዲግሪ ላይ ከቆመ ግን ሕንፃው ሲናወጥ የውጭው ሽፋን ይረግፋል፣ ስታፋው ይከፈታል፣ ቋሚው ፌሮ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ ያንን ኮለን የሚይዘው ነገር የለም።

ይህንን ዲዛይኑ ላይ እንጽፈዋለን። ሳይት ስወርድ ግን 90 ሆኖ አገኘዋለሁ። ሠሪውን ስጠይቀው «ሁሌም እንዲህ ነው የምናስረው» ይለኛል። ልጁ ሊያጭበረብር ፈልጎ አይደለም። ማንም አላሳየውም። ስለዚህ ያልተመዘነ ሰው ኮለን አይንካ ነው የምለው።

ፌራዮ ከልደታ፦
እህቴ፣ ስለ ስታፋው ያልሽው ልክ ነው፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። እኔ ሙያውን የያዝኩት በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ነው። ያኔ ስንቱ ወጣት በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ፒንሳ መያዝ እንደለመደ የዚያን ጊዜ ሰዎች ታውቃላችሁ። ክፍል ውስጥ አልተማርንም። ካቦ (የሠራተኞቹ አለቃ) እያየን፣ እየተቆጣን ተማርን። 135 ዲግሪ እንዴት እንደሚታጠፍ አውቃለሁ። አብረውኝ የሚሠሩትም ያውቃሉ። ታዲያ እያወቅን ለምን 90 ላይ እናቆማለን?

የምንከፈለው በኪሎ ነዋ።

ሒሳቡን ልጻፈው። ባለ 20 ፌሮ 12 ሜትሩ 30 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ሆናችሁ ተሸክማችሁ ቦታው ላይ አቆማችሁ፣ አሰራችሁ፣ 30 ኪሎ ተያዘላችሁ። ለ40 በ40 ኮለን የሚሆን ባለ 8 ስታፋ ደግሞ ከነመንጠቆው 1.6 ሜትር አካባቢ ይወስዳል፤ ክብደቱ 0.63 ኪሎ ነው። በስታፋ ያንን 30 ኪሎ ገደማ ለመሙላት 47 ያህል ስታፋ ማዘጋጀት አለብህ። እያንዳንዱ ሦስት ቦታ በማዕዘን፣ ሁለት ቦታ በመንጠቆ፣ በድምሩ አምስት ጊዜ ይታጠፋል። 47 በ5 ሲባዛ 235 ማጠፍ ነው። ገና ማሰሩ አልተጀመረም። ክፍያው ግን ያው የ30 ኪሎ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ልጅ ያለው፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው የቱ ላይ ይፈጥናል? ስታፋውን አራርቆ ያስራል፣ መንጠቆውን ያሳጥራል። ሲኦሲ ኪሱ ውስጥ ቢኖርም ያደርገዋል፤ ክፍያው ራሱ ነው እንዲህ እንዲሠራ የሚገፋው። ካርድ ከመጠየቃችሁ በፊት ክፍያውን አስተካክሉ።

ሳብ ኮንትራክተር፦
ሰውዬው እውነቱን ነው። ግን እኔም ከላይ የሚከፈለኝ በኪሎ መሆኑ ይታወቅ። የሥራ ዝርዝሩ ላይ ባለ 8ም ባለ 20ም በኪሎ ነው የሚሰፍረው። ከኪሴ አውጥቼ ለስታፋ ብቻ ልጨምር ብል የምከስረው እኔ ነኝ።

እገዳውን ደግሞ በፍጹም አልደግፍም። ነገ ጠዋት ካርድ የሌለው ይውጣ ቢባል ከሰንጋ ተራ እስከ ለገሃር ስንቱ ሳይት እንደሚቆም አስቡት። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ሌሊትም ቀንም እየተሠራ ባለሙያ ስንሻማ ነው የከረምነው። የሚሆነውንም ልንገራችሁ፤ አንድ ካርድ ያለው ሰው ስሙን መዝገብ ላይ ያሰፍርና ሥራውን ሌላ ሰው ይሠራዋል። ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል፣ ኮለኑ ግን እንደ ድሮው።

ረዳት፣ ካዛንቺስ፦
እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ባሬላ እሸከማለሁ፣ ብሎኬት አቀብላለሁ፣ ፌሮ አወጣለሁ፣ ሽቦ ቆርጬ እሰጣለሁ። የፌራዮዎቹን እጅ ሳይ ስለዋልኩ ሥራው ገብቶኛል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቁርጥራጭ ብረት አጥፌ ሞክሬያለሁ። ግን ፒንሳውን ያዢ የሚለኝ የለም።

ጋሼ ካቦ አጠገብ ሆነን ተማርን ያሉት ለእርስዎ ሠርቷል። ካቦ የሚያስጠጋው ግን የአገሩን ልጅ፣ ዘመዱን ነው። ሴት ከሆንሽ ደግሞ ከባሬላው አታልፊም። አብረውኝ የጀመሩ ወንዶች ዛሬ ፌራዮ ሆነዋል፣ እኔ እዚያው ነኝ። ምዘና ቢኖርና ቢያሳልፈኝ ካቦ ወደደኝም ጠላኝም የማሳየው ነገር አለኝ። ለናንተ ካርዱ መከልከያ ሊሆን ይችላል። ለእኔ መግቢያ ነው።

ፌራዮ ከልደታ፦
ልጄ፣ ይህን ያልሽውን አልቃወምም። ትክክል ነሽ፣ በካቦ ፈቃድ ብቻ ሙያ መያዝ ብዙ ሰው አስቀርቷል። እኔ የምቃወመው ካርዱን ሳይሆን እገዳውን ነው።

የሙያ አሰልጣኝ፦
ሁለታችሁም ያላነሣችሁት አለ። ምዘናው ኮሌጅ ለተማረ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ የተማረም መጥቶ መመዘን ይችላል፤ ሥርዓቱ ሲዘረጋም የታሰበው እንደዚያ ነው። ችግሩ ሰውየው ለመመዘን የቀን ገቢውን መተው አለበት፤ ሲመጣም መጀመሪያ የጽሑፍ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ፌሮ ሲያስር የኖረ፣ ፕላን አንብቦ የሚሠራ ሰው የፈተና ወረቀት ላይ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ያሳዝናል። መዛኙ ወደ ሳይት ቢሄድ፣ ሰውየው የሚያስረውን ኮለን እዚያው ቢያይ፣ ስታፋውን ቢለካ፣ «ይህን ለምን እዚህ ጋ አጠጋጋኸው?» ብሎ በቃል ቢጠይቅ ግማሹ ክርክራችን ያልቅ ነበር።

ሥልጠናውም ቢሆን ገንዘብ ይፈልጋል። ፌሮ ውድ ነው። ሠልጣኝ አንዱን ብረት አጥፎ፣ አቃንቶ፣ መልሶ እያጠፈ ሲማር እጁ የብረቱን ትክክለኛ ጠባይ አይለምደውም፤ አንዴ የታጠፈ ብረት እንደ አዲሱ አይደለምና። ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ከስዊድን ጋር በመተባበር ሲቋቋም ለመሐንዲሱ የሚሆን ቤት ተሠራለት። ተግባረ እድም ለእጅ ሙያ ስንት ትውልድ አፍርቷል። ፌራዮ ግን ዛሬም ድረስ በአብዛኛው ሳይት ላይ ነው የሚማረው፤ እንግዲያውስ ሥልጠናውም ምዘናውም እሱ ያለበት ይሂድ።

ወጣት ፌራዮ፣ ተክለ ሃይማኖት፦
ስለ ማሽን ማንም አላወራም እኮ። በእጅ ማጠፊያ ቀኑን ሙሉ ያጠፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ክንዱ ይዝላል፤ ያን ጊዜ ነው መንጠቆው 110ም 100ም የሚሆነው። ማጠፊያ ማሽኑ ላይ ዲግሪውን አንዴ ካስተካከልከው የጠዋቱም የማታውም አንድ ነው። መቁረጫውም እንዲሁ። ልኬቱን ስልክ ላይ አስገብተህ ከ12 ሜትሩ ምን ምን ቢወጣ ትንሽ ቁርጥራጭ እንደሚተርፍ አስልቶ የሚሰጥህ አፕ አለ፤ እኔ እጠቀምበታለሁ። በባትሪ የሚሠራ የማሰሪያ ማሽንም መጥቷል። ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ላይ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው የወገቡን ነገር ያውቀዋል፤ እጀታው ረዘም ያለው ዓይነት ቆመህ ያሳስርሃል። አሰሪዎች ማሽን ያስገቡ፤ ካርዱ በኋላ ይደርሳል።

ፌራዮ ከልደታ፦
ማሽን እኔም እወዳለሁ። ግን ማሽን በገባበት ሳይት መጀመሪያ የተደረገው የኪሎ ዋጋ መቀነስ ነው። «አሁን ቀሎላችኋል» ተባልን። ማሽኑ ያተረፈው ጊዜ ወደ ሠራተኛው ኪስም ወደ ስታፋው ጥራትም አልሄደም። ይህን የሚከራከርልን ማኅበር ስለሌለን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። የደኅንነት መጠበቂያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነም አንቀጽ 92 ላይ አለ። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያይ ቦርድ እንደሚቋቋምም ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) ይህንኑ ሲጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ግን ሶሌታው ሲሞላ እንበተናለን። ዛሬ ልደታ፣ በሚቀጥለው ወር አራት ኪሎ፣ ከዚያ ሌላ አሠሪ። በድርጅት ተደራጁ ቢሉን የትኛው ድርጅት? እኛ መደራጀት ያለብን በሙያችን ነው፣ ከሳይት ሳይት ስንሄድ አብሮን የሚሄድ ነገር ያስፈልገናል።

ሳይት ኢንጂነር፦
ታዲያ ከሳይት ሳይት አብሮህ የሚሄደው ካርዱ አይደለም እንዴ? አንተ ራስህ ለእኔ እየተከራከርክልኝ ነው። ደረጃ ያለው ካርድ ሲኖር ማኅበሩ «ደረጃ ሦስት ፌራዮ ከዚህ በታች አይከፈለውም» ማለት ይችላል። ካርድ ከሌለ ስለማን ነው የምትደራደረው? ዛሬ የገባውም የቆየውም እኩል «ፌራዮ» ነው የሚባለው።

ፌራዮ ከልደታ፦
እሱ እውነት ነው። ካርዱ ደመወዝ ይዞ ከመጣ እኔ ራሴ ልጆቹን ሰብስቤ አመጣለሁ። ደመወዝ ሳይዝ እገዳ ብቻ ይዞ ከመጣ ግን ድሃውን ከሥራ ማስወጣት ነው፤ ለዚያ ድምፄን አልሰጥም።

ሕንፃ አሠሪ፣ ፒያሳ፦
ገንዘቡን የማወጣው እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልበል። ለመስታወቱ፣ ለሴራሚኩ፣ ለሊፍቱ ስንት ተደራድሬያለሁ። ስለ ስታፋ ግን ዛሬ ነው ከናንተ የሰማሁት፤ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ለስታፋ ተጨማሪ ክፈል ብትሉኝ ከጠቅላላ ወጪዬ አንጻር የሚከብደኝ አይመስለኝም። ግን የከፈልኩበት ነገር መሠራቱን በምን አውቃለሁ? ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ አይታይም።

ሳይት ኢንጂነር፦
ከመሙላቱ በፊት ይታያል። ካሳ ፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ኮለን ፎቶ ይነሣ፤ ሜትር ከጎኑ ተይዞ፣ ታችና ላይ ስታፋው የተጠጋጋበት ቦታ በደንብ እንዲታይ ሆኖ። ፎቶው ለአሠሪውም ይላክ። ፎቶ ያልተነሣ ኮለን አይሞላ። ይህን ለማድረግ ስልክ ይበቃል።

ሳብ ኮንትራክተር፦
በዚህ እስማማለሁ። ስታፋውም በኪሎ ሳይሆን በቁጥር ይከፈል ከተባለና አሠሪው ውሉ ላይ ካስገባው እኔ ችግር የለብኝም፤ ለልጆቹም በቁጥር እከፍላለሁ። ጋሼ፣ በቁጥር ስንት ቢሆን ያዋጣል? 135 ዲግሪ ታጥፎ፣ ታስሮ።

ፌራዮ ከልደታ፦
ከልጆቹ ጋር ተነጋግሬ ነገ ማታ እጽፍልሃለሁ። ለ30 በ30፣ ለ40 በ40ና ለሺር ዎል (ለኮንክሪት ግድግዳ) ለየብቻ መሆን አለበት፤ አንድ ዋጋ አይሆንም። ረዳቷ ልጅም እዚህ አለች አይደል? ስታፋ በቁጥር ከሆነ ማጠፊያው ላይ የሚቆም ሰው መጨመር አለብኝ። ቅዳሜ ልደታ ነይና እጅሽን ልየው።

ረዳት፣ ካዛንቺስ፦
እመጣለሁ ጋሼ። አሰልጣኙ ደግሞ ሳይት ላይ የሚመዝኑ ከሆነ ስሜን ይያዙልኝ፤ ካርዱንም እፈልገዋለሁ።

ሳብ ኮንትራክተር፦
እኔ ዋጋውን እጠብቃለሁ። እገዳውን ግን አሁንም አልደግፍም።

ሳይት ኢንጂነር፦
እኔም አልተውኩትም። ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ካርድ ይያዝ አልልም፤ ኮለንና ሺር ዎል ላይ ግን ቡድኑን የሚመራው ሰው የተመዘነ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ አልመለስም።