በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ እየተመለሰ የሚበቅል አረንጓዴ አልጌ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ሲሆን፣ ቤቴ ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም (የዓሣ ማቆያ ገንዳ) አለኝ፤ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦችና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች ይኖሩበታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድንጋዮቹን ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ ወርሷቸዋል፤ በጥርስ ብሩሽ ፍቄ ባነሣውም ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይበቅላል። ውሃውን ስለካው አልጌን የሚመግበው ፎስፌት ዜሮ ነው። የምጠቀመው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሬበት ጨው አሟሟበታለሁ። ፎስፌት ከሌለ አልጌው ምን እየተመገበ ነው የሚያድገው?

መልስ 1
መለኪያው የሚያሳየው ውሃው ውስጥ የተረፈውን ብቻ ነው። አልጌው ፎስፌቱን እንደገባ ስለሚወስደው ለመለኪያው የሚተርፍ የለም፤ ስለዚህ አስቀድመው የቧንቧውን ውሃ ራሱን ይለኩ። በዲሲ፣ እርሳስ ከቧንቧዎቹ እየሟሟ ወደ መጠጥ ውሃው እንዳይገባ ለመከላከል፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመራል። ይህ የሰውን ጤና የሚጠብቅ ተገቢ እርምጃ ነው፤ ለአልጌ ግን ማዳበሪያ ነው። ውሃው የሚታከመውም በክሎራሚን (በክሎሪንና በአሞኒያ ውህድ) ስለሆነ፣ ማጥፊያው ሲሰብረው አሞኒያ ይቀራል፤ አሞኒያውም ውሎ አድሮ ናይትሬት ይሆናል፣ እሱም አልጌን ይመግባል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የተነነውን ለመተካት የሚጨምሩት ውሃ ነው፤ የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ በመሆኑ ከቧንቧ የመጣው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። በሪቨርስ ኦዝሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ማጣሪያ በማሳለፍ) እና በዲአዮናይዜሽን (የቀረውን የሟሟ ነገር ሬዚን በተባሉ ጥቃቅን እንክብሎች በመያዝ) የተጣራ ውሃ ካልተጠቀሙ፣ የሚፍቁት ሁሉ ከንቱ ድካም እንዳይሆንብዎ እሰጋለሁ።

መልስ 2
በውሃው ጉዳይ እስማማለሁ። ነገር ግን ድንጋዮቹ ፎስፌት መጥጠው ስለቆዩ ውሃውን ከቀየሩ በኋላም ለወራት እየለቀቁት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ተስፋ አይቁረጡ። ድንጋዩን አኳሪየሙ ውስጥ አይፈቁት፤ የተበጣጠሰው አልጌ ሌላ ቦታ ይበቅላልና። ውሃ ሲቀይሩ ያወጡትን የጨው ውሃ በባልዲ ይያዙና እዚያ ውስጥ ይፈቁት። አልጌ የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት አጭሩን ስለሆነ የሚገቡት ረጅሙ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ እኔ ትሮከስ የተባለውን ዝርያ እመርጣለሁ፣ ቢገለበጥ ራሱን ማቃናት ይችላልና። የቀዘቀዘ ምግብ ሲሰጡም አቅልጠው ፈሳሹን ይድፉት፤ መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

መልስ 3
አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ፎስፌት የሚመጥጥ የብረት ኦክሳይድ ገዝተው ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ ይጨምራሉ። ፎስፌትና ናይትሬት ሁለቱም በእርግጥ ዜሮ ሲሆኑ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ፣ ንፍጥ መሰል፣ አረፋ ያዘለ ነገር ቦታውን ሊይዝ ይችላል፤ አንዳንዱ ዝርያ መርዛማ በመሆኑ ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል፣ ለማጥፋትም ከአሁኑ አልጌ እጅግ ይከብዳል። ከተመከረው መጠን በግማሽ ይጀምሩ፤ በሊትር ፎስፌቱ ከ0.03 እስከ 0.1፣ ናይትሬቱም 5 ሚሊግራም አካባቢ ቢሆን ለኮራሎቹም መልካም ነው።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቧንቧውን ውሃ ስለካው፣ ፎስፌት መኖሩን የሚያሳየው የመለኪያው ቀለም ወዲያውኑ ጠቆረ። የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ማጣሪያውን ቧንቧ ሳልነካ መግጠም ይቻላል?

መልስ 1
ይቻላል፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ አፍ ላይ በሚጠመድ ማገናኛ ይሠራል፣ ሲጨርሱም ፈትተው ያስቀምጡታል። ከተጣራው የሚበልጥ ውሃ እንደ ፍሳሽ ስለሚወጣ እሱን ለቤት ጽዳት ያውሉት። የሟሟ ነገር መለኪያም አብረው ይግዙ፤ መለኪያው በተጣራው ውሃ ላይ የሚያሳየው ቁጥር ከዜሮ ከፍ ማለት ሲጀምር የዲአዮናይዜሽኑን ሬዚን ይቀይሩ።