የዕቅድ ውይይት፦ በአሜሪካ ጦር የሚያገለግሉ ሴቶች እርግዝናና የተኩስ ሜዳ እርሳስ

አስተባባሪ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ረቂቃችን ከባድ ሸክምን፣ የሌሊት ፈረቃን፣ ሙቀትን፣ የአውሮፕላን ነዳጅንና እርሳስን በአንድ ጥናት ደርቦ ይዟል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመለሳል ብዬ አላምንም፤ በእርሳሱ ላይ እናተኩር እላለሁ። ጥይት ሲተኮስ የሚነሣው ብናኝ በትንፋሽ ይገባል፣ በእጅና በልብስ ተጣብቆም ቤት ድረስ ይከተላል። ሰውነት የገባው እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማችና በእርግዝና ወቅት ካልሲየም ከአጥንት ሲወጣ አብሮ ወደ ደም ይመለሳል፤ የእንግዴ ልጁንም አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል። ነፍሰ ጡሯን ከተኩስ ሜዳ ማራቅ ተገቢ ቢሆንም ቀድሞ የተከማቸውን አያስቀርም። ስለዚህ ጥያቄያችን ከእርግዝናው በፊት ከነበሩት የአገልግሎት ዓመታት መጀመር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት ደንብ ሠራተኛን ከሥራው የሚያነሣው በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 60 ማይክሮግራም እርሳስ ሲገኝ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን ክትትል የሚመከረው ከ5 ጀምሮ ነው። ይህ ልዩነት በመግቢያችን በግልጽ ይጻፍ።

አዋላጅ ነርስ፦ እስማማለሁ፤ ማነጻጸሪያው ግን ያሳስበኛል። ጦሩ የሚመለምለው ጤነኛውን በመሆኑ ከሲቪል ሴቶች ጋር ብናነጻጽር አደጋው ተሸፍኖ ይቀራል። የተኩስ አሠልጣኞችን እዚያው ጦር ውስጥ በቢሮ ከሚሠሩት ጋር እናነጻጽር። በተጨማሪም ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጽንሱ የጨነገፈባት ሴት በሕክምና መዝገብ አትገኝም፤ በሥራዬ እንደማየው ለእናቷ እንኳ የማትነግር አለች። ከማኅበረሰባችን ወጥተው በጦሩ የሚያገለግሉ ሴቶች ስላሉ ቃለ መጠይቁ በአማርኛም ቢዘጋጅ ይህን የመናገር ዕድል ያገኛሉ።

የሕግ ባለሙያ፦ አንድ ነገር ይጨመርልኝ። እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሬዚዳንት ትሩማን የፈረሙት ትእዛዝ ያረገዘች ወታደር እንድትሰናበት ይፈቅድ ነበር፤ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦርን ተመሳሳይ ደንብ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው በ1976 ነው። ያን ያህል የተከፈለበት መብት በእኛ ጥናት ሰበብ እንዳይሸረሸር፣ ምክረ ሐሳባችን ሴቷን ከሥራዋ ማግለልን ሳይሆን የአየር ማጣሪያን፣ እርሳስ አልባ ጥይትንና በፈቃደኝነት የሚደረግ የደም ምርመራን ይጠይቅ፤ የምርመራው ውጤትም ለአለቃዋ አይተላለፍ።

አስተባባሪ፦ ሦስቱንም ተቀብዬ ረቂቁን አሻሽላለሁ። የማነጻጸሪያውን ክፍል አዋላጅ እኅታችን፣ የምስጢር ጥበቃውን የሕግ ባለሙያችን ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።