አቃቂ ወንዝ ላይ የኬብል ድልድይ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቃሊቲ ላይ 40 ሜትር ለሚሻገር የመኪና ድልድይ፣ የባህር ዳሩ የዓባይ ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ «በኬብል ይሠራ» የሚል ሐሳብ በዝቷል። ያዋጣል ወይ? የተወጠረ ኬብልስ ጃክ (ኬብል መወጠሪያ መሣሪያ) ሳይገባ ኃይሉ እንዴት ይለካል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ለ40 ሜትር አያዋጣም። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ የሆነ ፕሪስትረስድ ጊርደር (ውስጡ በተወጠረ ብረት የተጠናከረ የኮንክሪት አግዳሚ) ይበቃዋል። ኬብል የሚታሰበው ከ100 ሜትር በላይ ለሆነ ስፓን (በሁለት ምሰሶዎች መካከል ላለ ርቀት) ነው፤ የባህር ዳሩ በጠቅላላ 380 ሜትር ነው። አቃቂ ላይ ገንዘቡን መሠረቱ ላይ አውሉት። የክረምት ደራሽ የምሰሶውን እግር ሥር ሥሩን ነው የሚያጥበው።

መልስ 2፦ ስለ ልኬቱ፦ አክስለሮሜትር (ንዝረት መለኪያ) ከዴኩ፣ ማለትም መኪና ከሚሄድበት ወለል፣ 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ኬብሉ ላይ እሰር፤ ኬብሉን በገመድ ሳብ አድርገህ ልቀቀው። ኃይሉ = 4 × የአንድ ሜትር ክብደት × ርዝመት በራሱ ተባዝቶ × ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) በራሱ ተባዝቶ። ባለ 31 ስትራንድ (ከብረት ሽቦ የተገመደ ዘንግ)፣ 80 ሜትር፣ በሜትር 45 ኪሎ የሚመዝን ኬብል በሰከንድ 1.8 ጊዜ ከተርገበገበ 3,730 ኪሎ ኒውተን ይዟል ማለት ነው። ባለ 15.7 ሚሊ ሜትር ስትራንድ የሚበጠሰው በ279 ኪሎ ኒውተን ስለሆነ፣ የሚፈቀደው የ31ዱ 45 በመቶ 3,892 ነው፤ ከገደቡ በታች ነህ። ፍሪኩዌንሲው 5 በመቶ ቢሳሳት ግን ኃይሉ 10 በመቶ ይሳሳታል። ስለዚህ የሁለተኛውና የሦስተኛው ሞድ (የአረገባገብ ዓይነት) ፍሪኩዌንሲዎች የመጀመሪያው እጥፍና ሦስት እጥፍ መሆናቸውን አረጋግጥ። አጭር ኬብል ግትር ስለሆነ ካለው በላይ ያሳይሃል። ፀሐይ ሳትወጣ፣ መኪና ቆሞ ለካ።

መልስ 3፦ 45 በመቶው ኬብሉ የሚታሰርበት ማማ ረጅም ሲሆን ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል እንዳለው የህዳሴ ድልድይ (303 ሜትር፣ ዋናው ስፓን 145) ማማው አጭር ሲሆን፣ ጭነቱን በብዛት የሚሸከመው ጊርደሩ ነው። የኬብሉ ውጥረት በመኪና ብዙም ስለማይለዋወጥ እስከ 60 በመቶ ይፈቀዳል።

መልስ 4፦ ከውጥረቱ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ውሃ ነው። በኬብሉ ላይ የወረደ ዝናብ ታችኛው አንከሬጅ (የኬብሉ ጫፍ የሚታሰርበት ቦታ) ላይ ይጠራቀማል፤ የላይኛው የጎማ ማኅተም በፀሐይ ከተሰነጠቀ መግቢያ አገኘ ማለት ነው። በየጥቅምቱ የአንከሬጁን ክዳን ፍቱና ስትራንዱን ከዝገት የሚከላከለውን ሰም እዩት። ቡናማ ከሆነ ወይም ከዌጁ (ስትራንዱን ጨምቆ ከሚይዘው ሽብልቅ) ሥር ጠብታ ካለ ስትራንዱ መዝገት ጀምሯል። ፋብሪካ በበዛበት ጄኖቫ፣ በፖልቼቬራ ወንዝ ላይ የነበረው የሞራንዲ ድልድይ ኬብሎቹ በኮንክሪት ተሸፍነው ስለነበር ዝገቱን ከውጭ ማየት አልተቻለም፤ ነሐሴ 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ተደርምሶ 43 ሰው ሞተ። ኬብል ከተመረጠ እያንዳንዱ ስትራንድ ለብቻው ተፈቶ የሚቀየርበት ዓይነት ይሁን።