በሞሃቬ በረሃ የተደበቀ ሳጥን ፍለጋ፦ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሞሃቬ በረሃ በእግር ስጓዝ ጂኦካሺንግን፣ ማለትም ሌሎች የደበቁትን ሳጥን በጂፒኤስ እየተመሩ የመፈለግን ጨዋታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩ። የሳጥኑ የአስቸጋሪነት ደረጃ ከ5 1.5 ብቻ ቢሆንም፣ ገደል ወደከበበው ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ስገባ የስልኬ ቀስት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይዘላል፤ የሳተላይቱ ምልክት ከድንጋዩ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመስለኛል፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ስህተቱ ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም ነበርና። እባብና ጊንጥ ባለበት አገር በየድንጋዩ ስር እጅ መስደድ ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ልምድ ያላችሁ ሰዎች በእንዲህ ያለ ስፍራ የፍለጋውን ክልል የምታጠቡት እንዴት ነው? ከገደሉ ራቅ ብሎ አቅጣጫውን በኮምፓስ መያዝ ይሻላል ወይስ ቀስቱን ትቶ ሰው ሆን ብሎ የደረደረው የሚመስል የድንጋይ ክምር መፈለግ? ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ልመለስበት ስላሰብኩ ምክራችሁን በትሕትና እጠብቃለሁ።